ሞተሩን ሰቅዬ ጨረስኩ፤ በሩ ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀጥ ይላል

ሰቃዩ፣ ቅዳሜ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ቀን ሙሉ መሰላል ላይ ውዬ አንገቴ አልዞር ብሏል። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በሩ ባለ አራት ፓነል ነው። በሐዲድ እየተሳበ ወደ ኮርኒስ የሚተኛው ዓይነት። ስፋቱ 4 ሜትር ከ80፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 ነው። ከበሩ በላይ፣ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ አንድ ወፍራም ሞላ አለው። እስካሁን በእጃችን ነበር የምንከፍተው። አሁን ባለ ካቴና አውቶማቲክ መክፈቻ ገዛሁ፤ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ነው። መመሪያውን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሰቀልኩት።

ሪሞቱን ስጫን በሩ እስከ ጉልበቴ ይነሣና ቀጥ ይላል። የጉልበት ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ሳዞረው ተከፈተ፤ ግን ሞተሩ እንደ በሽተኛ ያቃስታል። አምስት ስድስት ጊዜ ከሞከርኩት በኋላ ጭራሽ ዝም አለ። ተበላሸ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ቁጭ ባልኩበት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሶ ሠራ።

ሲዘጋም ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዴ ግማሽ ድረስ ወርዶ ይመለሳል፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። አንዳንዴ ደግሞ መሬት ነክቶ፣ ጓ ብሎ፣ እንደገና ይከፈታል።

ሞተሩ አንሶ ነው? ትልቁን ልግዛ? ፎቶ ከታች አያይዣለሁ።


ቸኳይ፣ ቅዳሜ ማታ 2፡52

አንሷል። ምኑ ያጠያይቃል? ባለ አንድ የፈረስ ጉልበት ግዛና ተገላገል።

የሚመልስብህ ደግሞ ከበሩ ግራና ቀኝ ከታች ያሉት ሁለቱ ዓይኖች ናቸው፤ እንቅፋት የሚያዩት ሴንሰሮች። ፈትተህ ፊት ለፊት አጋጥማቸው፣ በፕላስተር ጠቅልልና ኮርኒስ ላይ ስቀላቸው። እኔ እንደዚያ ካደረግኩ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድም ቀን ተመልሶብኝ አያውቅም።


ሽቦ_ቆራጭ፣ ቅዳሜ ማታ 3፡10

ቸኳይ፣ ይህን ስም ማን እንዳወጣልህ እንጃ፣ አውቆብሃል።

ሰቃዩ፣ ዓይኖቹን እንዳትነካ። ፎቶህን አየሁት፤ ሁለት ነገር አልወደድኩም። አንደኛ፣ ሞተሩን የያዙት ብሎኖች ወደ ጂፕሰም ኮርኒሱ በፊሸር ነው የገቡት። ይሄ ሥዕል አይደለም የሰቀልከው። በጀመረና በቆመ ቁጥር ይነቀንቃል። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ወራጅ እንጨት ፈልግ፣ መሃሉን አግኝ፣ አስቀድመህ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሳው፤ ከዚያ ረጅም የእንጨት ቡሎን አስገባ። የሚያንጠለጥሉትን ቀዳዳ ቀዳዳ ብረቶችም አንዱን ጋደል አድርገህ እሰራቸው። ሁለቱም ቀጥ ብለው ከወረዱ ሞተሩ እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል። በበሩ በኩል ግድግዳው ላይ ያለው መያዣም እንደዚያው ነው። እንዲያውም የመሳቡ ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ጠንካራ እንጨት ወይም ኮንክሪት መያዝ አለበት።

ሁለተኛ፣ ያ ቢጫ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ። ለሙከራ ከሆነ እሺ። በቋሚነት ግን አይሆንም። ሞተሩ አጠገብ ኮርኒስ ላይ ሶኬት አስተክል፤ ምድር ሽቦ ያለው።


አባ_ዝገት፣ ቅዳሜ ማታ 3፡34

ልጄ፣ ገንዘብህን አስቀምጥ። ሞተር ከመቀየርህ በፊት አንድ ነገር አድርገህ ንገረኝ።

በሩን ዝጋ። ጥርቅም ማለቱን አረጋግጥ። ከሐዲዱ የተንጠለጠለውን ቀዩን ገመድ ሳብ፤ በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል። አሁን በእጅህ እስከ ወገብህ አንሣውና ቀስ ብለህ ለቀቅ አድርገው። እጅህን አታርቅ። እግርህን ከሥር አታድርግ። ምን አደረገ?

በሩ ክፍት ሳለ ግን ቀዩን ገመድ እንዳትስብ። ሞላው ደክሞ ወይም ተሰብሮ ከሆነ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው።


ሰቃዩ፣ ቅዳሜ ማታ 3፡58

አባ ዝገት፣ ከጋራዡ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልዎት።

በሁለት እጄ ነው ያነሣሁት፣ ያውም እየተንገዳገድኩ። ወገቤ ጋ ለቀቅ ሳደርገው ወረደ። ቀስ ብሎም አይደለም። ባልይዘው ኖሮ ወለሉን ይፈረክሰው ነበር።

ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ? ሁሌ እኔና ወንድሜ አብረን ስለምንከፍተው አላስተዋልኩም።


አባ_ዝገት፣ ቅዳሜ ማታ 4፡15

ያውልህ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። የታመመው በሩ ነው።

ብዙ ሰው በሩን የሚያነሣው ሞተሩ ይመስለዋል። በሩን የሚያነሣው ሞላው ነው። በሩ ሲዘጋ ክብደቱ ሞላውን እያከረረ ይወርዳል። ሲከፈት ሞላው ያንን ጉልበት መልሶ ይሰጣል። ዘንጉ ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ከበሮ አለ፤ እዚያ ላይ የተጠመጠመው የብረት ገመድ እስከ በሩ ታችኛው ማዕዘን ይወርዳል። ሞላው ዘንጉን ያዞራል፣ ከበሮው ገመዱን ይጠቀልላል፣ በሩ ይነሣል። ልኩን ያገኘ በር 80 ኪሎ ቢመዝን እንኳ በአንድ እጅ ይነሣል። ወገብ ላይ ስትለቀው እዚያው ይቆማል፤ ቢበዛ ትንሽ ወረድ ወይም ወጣ ይላል። ሞተሩ የሚጨምርበት ጥቂት ነው። ማስጀመር፣ መሳብ፣ ማቆም። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ለብዙ የቤት በር የሚበቃው ለዚህ ነው።

ያንተ ሞተር ግን ሸክሙን ብቻውን ይዞታል። ዝም ያለው ስለጋለ ነው። ውስጡ ሲግል ራሱን የሚያቋርጥ መከላከያ አለው፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አልተበላሸም። አንገላታኸው እንጂ።

የታሪኩም ቅደም ተከተል እንዲሁ ነው። ሲ ጂ ጆንሰን የሚባለው አሜሪካዊ ወደ ላይ የሚነሣውን በር የሠራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። የኤሌክትሪክ መክፈቻው የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1926 ነው። በሩ መጀመሪያ በእጅ በደንብ ሄደ፤ ሞተር ከዚያ ተከተለ።

አሁን ሁለት ጥያቄ። የሞላው ጥምጥም መሃል ላይ የሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይታይሃል? ካለ ተበጥሷል። በዓይንህ ብቻ እይ። ሁለተኛ፣ በሩ ላይ የጨመርከው ነገር አለ?


ሰቃዩ፣ ቅዳሜ ማታ 4፡31

ክፍተት የለም። ሞላው ሙሉ ነው።

ጨምሬያለሁ። አምና ለብርድ ብዬ ከውስጥ በኩል ፎም ለጠፍኩ። ፎሙ እንዳይቦጫጨቅ ደግሞ በላዩ ላይ ኮምፔንሳቶ መታሁበት፤ ባለ 6 ሚሊ። ያኔ በጣም ኮርቼበት ነበር።


ሽቦ_ቆራጭ፣ ቅዳሜ ማታ 4፡40

ሒሳቡን ልሥራልህ። 4.80 በ2.10፣ ወደ 10 ካሬ ሜትር። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሲሆን 0.06 ሜትር ኩብ ይመጣል። ኮምፔንሳቶ በሜትር ኩብ 600 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ 36 ኪሎ።

አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በሩ ላይ አስረህ ነው ለካ የምትከፍተው የምትዘጋው።


ሌሊት_ፈረቃ፣ ቅዳሜ ማታ 4፡44

ሰቃዩ የሚለውን ስም ሳይ የትምህርት ሰቃይ መስሎኝ ነበር። ለካ የሞተር ነው 😄


ቸኳይ፣ ቅዳሜ ማታ 4፡50

እሺ፣ ከከበደ ሞላውን ማክረር ነዋ። ዘንጉን የያዙትን ሁለቱን ቡሎኖች ላላ አድርጎ፣ በካቻቢቴ ሁለት ዙር አዙሮ መልሶ ማሰር። ለዚህ ባለሙያ ምን ያደርጋል?


አባ_ዝገት፣ ቅዳሜ ማታ 5፡05

ቸኳይ፣ ልጄ፣ ይህን እንኳን ተው።

ሞላው በሩ ተዘግቶ ሳለ የተከረረ ነው። ሙሉውን በር የሚያነሣ ጉልበት እዚያች ጥምጥም ውስጥ ታምቆ ተቀምጧል። ቡሎኖቹን ባላላህባት ቅጽበት ያ ሁሉ ጉልበት የያዝከው ነገር ላይ ይመጣል። ለዚህ ሥራ በሞላው ራስ ላይ ላሉት ቀዳዳዎች በልክ የተሠሩ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉ። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። ካቻቢቴ ለቀዳዳው ይቀጥናል፤ ይሾልካል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ አንድ ቀን ዘንጎቹን ረስቶ መጣና በካቻቢቴ ጀመረው። ካቻቢቴው ኮርኒሱ ላይ ተሰክቶ ተገኘ። የሄደበት መንገድ ከጆሮው በአንድ ስንዝር የራቀ ነበር። ልጁ ያን ቀን ሥራውን ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔም አልከለከልኩትም።

ሌላም አለ። በበሩ ታችኛ ማዕዘን፣ የብረት ገመዱ የታሰረበት ቁራጭ ብረት አለ። የእሱም ቡሎን አይፈታም። ብዙ አምራቾች ቀይ ቀለም የሚቀቡት ለዚህ ነው። በሐዲዶቹ ጎን የሚሳብ ረጅም ቀጭን ሞላ ያላችሁም ካላችሁ፣ በመሃሉ የሚያልፍ መያዣ ሽቦ መኖሩን እዩ። ከሌለ ሲበጠስ እንደ አለንጋ ይወናጨፋል፤ መኪና ይሰብራል፣ ሰው ይጎዳል።

ሰቃዩ፣ አንተ ያለህ ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ባለሙያ ጠርተህ ለአዲሱ ክብደት የሚስማማ ሞላ ታስገባለህ፣ ወይ ኮምፔንሳቶውን ታወርዳለህ። ያንን ሞላ ዝም ብሎ ማክረር መፍትሔ አይደለም። ሞላ ለበሩ ክብደት ተለክቶ ነው የሚመጣው፤ ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱ። አለቅጥ ከከረረ ዕድሜው ያጥራል። የተለመደው ሞላ የሚሠራው ለ10,000 መክፈትና መዝጋት ነው። በቀን አራት ጊዜ ብትከፍትና ብትዘጋ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል ማለት ነው።


ቁጥር_13፣ እሑድ ጠዋት 1፡20

ይህን ክር ሌሊቱን አንብቤ የራሴ ጉዳይ ገባኝ። የእኔ ሞተር ካለፈው ወር ጀምሮ ይጮኻል፣ ካቴናው ግን አይንቀሳቀስም። ከሥሩ መሬት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ረግፏል። ግድግዳው ተፈርፍሮ ነው ብዬ ስጠርገው ነበር የከረምኩት።


አባ_ዝገት፣ እሑድ ጠዋት 1፡45

ግድግዳህ አይደለም። የሞተሩ ጥርስ ነው፤ ማርሹ ማለቴ ነው። ብዙዎቹ ባለ ካቴና ሞተሮች ውስጥ አንዱ ጥርስ ፕላስቲክ ነው። ከባድ በር ሲጎትት ይበላል፤ ዱቄቱ ይረግፋል። ጥርሱ ለብቻው ይሸጣል፣ ሙሉ ሞተር አትግዛ። ግን መጀመሪያ ቀዩን ገመድ ስበህ የበሩን ሚዛን ፈትሽ። አለዚያ አዲሱንም ጥርስ ዱቄት ያደርገዋል።


የሦስት_እናት፣ እሑድ ጠዋት 2፡30

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ቸኳይ ዓይኖቹን ኮርኒስ ላይ ሰቅያለሁ ያለው እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ልጅ እየወረደ ባለ በር ሥር መሹለክ ጨዋታ ነው የሚመስለው። ስንት ጊዜ እንደያዝኳቸው አልቆጥርም። አሜሪካ ውስጥ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረት የቤት ጋራዥ መክፈቻ ሁሉ ዓይን ወይም የዚያ ዓይነት ተጨማሪ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ የተደረገው ለጌጥ አይደለም። ሕፃናት በሩ ሥር ተይዘው ስለሞቱ ነው። በሩ ሰው ከነካ በኋላ መመለሱ ብቻውን አልበቃም። ዓይኑ ሳይነካ በፊት ነው የሚያየው። ለዚህ ነው ከወለሉ ከ15 ሳንቲም በላይ ከፍ ብሎ እንዳይታሰር የሚባለው። ከፍ ካለ የተኛ ልጅ ወይም ድመት ከሥሩ ያልፋል። ኮርኒስ ላይ ከሆነማ የሚጠብቀው የሸረሪት ድር ነው።

የግድግዳውን ቁልፍም ከ1 ሜትር ተኩል በታች አታድርጉት። እዚያ ቆማችሁ በሩን ማየት የምትችሉበት ቦታ ይሁን። ሪሞቱን ለልጅ ማባበያ የምትሰጡ ሰዎች ደግሞ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።


ሽቦ_ቆራጭ፣ እሑድ ጠዋት 2፡48

እሷ ባለሙያ አይደለሁም አለች እንጂ ከብዙ ባለሙያ የተሻለ ተናገረች። አንድ ልጨምር። አውሮፓ ውስጥ ኢኤን 12453 የሚባል ደረጃ አለ። እየተዘጋ ያለ በር በበሩና በወለሉ መሃል የገባ ሰው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከ400 ኒውተን እንዳያልፍ ይገድባል። የ40 ኪሎ ሸክም ያህል በሉት። የጉልበት ማስተካከያውን እስከ መጨረሻ ማዞር የሚያስጨምረው እሱን ነው።


ቸኳይ፣ እሑድ ጠዋት 3፡02

እሺ፣ እሺ። ሁሉም እኔ ላይ ዘመተ።


ሌሊት_ፈረቃ፣ እሑድ ጠዋት 4፡10

ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው። ቀን የምተኛ ሰው ነኝ፤ መኝታ ቤቴ ከጋራዡ በላይ ነው። ባለ ካቴና ሞተር ነበረኝ። በተከፈተ ቁጥር አልጋዬ ሥር ታንክ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። ቺንጋ ወዳለው ቀየርኩ፤ ጎማ ቀበቶ ነው የሚስበው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በዚያ ላይ የዲሲ ሞተር ስለሆነ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ይቆማል። ያ "ጓ" የሚለው ነገር ቀረ።

ግን ገንዘብ ሳታወጡ ግማሹን ድምፅ መቀነስ ትችላላችሁ። ሞተሩና የሚንጠለጠልበት ብረት መሃል የጎማ ቁራጭ አስገቡ። የብረት መሽከርከሪያዎቹን በናይለን ቀይሩ፤ የታችኛውን ማዕዘን መሽከርከሪያ ግን አትንኩ፣ አባ ዝገት የነገሩን ቁራጭ ብረት ውስጥ ነው ያለው። ማጠፊያዎቹንና ሞላውን የሲሊኮን ወይም የሊትየም ቅባት ቀቡ። ሐዲዱን አትቀቡ፣ ጥረጉት ብቻ። እኔ መጀመሪያ ሐዲዱን ግራሶ ለቅልቄ አቧራና ፀጉር ተጋግሮበት የባሰ አደረግኩት።


ቁጥር_13፣ እሑድ 6፡15

ጥርሱን አዘዝኩ። አመሰግናለሁ አባ ዝገት። ሚዛኑም ልክ አልነበረም።

አሁን ሁለት ጥያቄ። ጥርሱ እስኪመጣ ዘመድ የሰጠኝ አሮጌ ሞተር አለ። ሪሞቱን ስከፍተው ውስጡ የተደረደሩ ትንንሽ ማብሪያዎች አሉት፣ ስምንት ናቸው። ልስቀለው? ሁለተኛ፣ ጋራዤ ሌላ በር የለውም። መብራት ቢጠፋ እንዴት ልገባ ነው?


ሽቦ_ቆራጭ፣ እሑድ 6፡40

አትስቀለው። ስምንት ማብሪያ ማለት 256 የተለያየ ኮድ ነው። ኮዱም አይለወጥም፤ አንዴ የሰማው ሰው ደግሞ ይልከዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሳሚ ካምካር የሚባል የደህንነት ተመራማሪ አንድ የልጆች የመልእክት መጫወቻን አሻሽሎ የዚህ ዓይነት ቋሚ ኮድ ያላቸውን በሮች ከአሥር ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንደሚከፍት አሳይቷል። ባለ አሥራ ሁለት ማብሪያውን እንኳ ሳይቀር። የዛሬዎቹ በተጫንክ ቁጥር ኮዳቸውን ይቀይራሉ። በዚያ ላይ ያ ሞተር ዓይን የሚታሰርበት ቦታ እንኳ ላይኖረው ይችላል።

መብራቱን በተመለከተ፣ ባትሪ ያለው ሞተር ብትገዛ ይሻልሃል። ካሊፎርኒያ በ2017ቱ የሰደድ እሳት ወቅት ኃይል ተቋርጦ በራቸውን መክፈት ያቃታቸው ሰዎች ስለነበሩ፣ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጡት ሁሉ ባትሪ እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ሌላ መግቢያ ለሌለው ጋራዥ ደግሞ ከውጭ በቁልፍ የሚከፈት ትንሽ ሲሊንደር አለ። በበሩ ላይ ትበሳለታለህ፤ ከውስጥ ሽቦው ከቀዩ ገመድ ጋር ይያያዛል። ቁልፉን አዙረህ ስትስበው በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል። ቁልፉን ግን ጋራዡ ውስጥ አታስቀምጥ። የምናገረው ደርሶብኝ ነው።


ሰቃዩ፣ እሑድ ማታ 1፡30

ተመለስኩ። ረጅም ቀን ነበር።

ኮምፔንሳቶውን በሙሉ አወረድኩ። 112 ብሎን ፈታሁ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አምና እንደዚያ የቸነከረውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ፎሙን ተውኩት፣ ክብደት የለውም። ከዚያ ቀዩን ገመድ ስቤ በሩን በአንድ እጄ አነሣሁት። በአንድ እጄ! ወገቤ ጋ ለቀቅኩት፣ ቆመ። ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም ለቀቀው፣ ቆመ። ልጆች ሆነን እንጫወት ይመስል አሥር ጊዜ ለቀቅነው።

ሞተሩንም ከጂፕሰሙ አውርጄ ወራጁ ላይ አሰርኩት። ሶኬቱን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነገ ያስገባልኛል።

ሁለት ነገር ግን ቀረ። የላይኛው ፓነል፣ የሞተሩ ክንድ የታሰረበት ቦታ፣ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሏል። እና በሩ ሲነሣ የላይኛው ጠርዙ ሐዲዱን ይፍቃል።


አባ_ዝገት፣ እሑድ ማታ 2፡05

እሰይ።

የጎበጠው ትናንት ጉልበቱን እስከ መጨረሻ አዙረህ ከባዱን በር በአንድ ነጥብ ስለሳብከው ነው። የበሩ ቆርቆሮ ስስ ነው። ከላይኛው ፓነል ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ማጠናከሪያ ብረት እሰርለት፤ ክንዱም በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ከዚያ ብረት ጋር በተያያዘ መያዣ ላይ ይግባ። ለአሉሚኒየምና ለመስታወት በር ይህ ግዴታ ነው በሉት።

የሚፍቀው ደግሞ የግድግዳውን መያዣ ዝቅ አድርገህ ስላሰርከው ነው። በር ሲከፈት ኩርባውን ሲያልፍ የላይኛው ጠርዝ ከተዘጋበት ከፍታ በላይ ብድግ ይላል። ቀዩን ገመድ ስበህ በእጅህ ቀስ ብለህ አንሣ። አንድ ሰው ጠርዙ የደረሰበትን ከፍተኛ ቦታ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርግ። መያዣው ከዚያ 5 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል፣ ልክ በበሩ መሃል መስመር ላይ። ኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ይህ ቦታ ለማይገኝለት ሰው፣ ግድግዳ ላይ ከዘንጉ ጎን ተሰክቶ ዘንጉን ራሱን የሚያዞር ሞተር አለ። ሐዲድም ካቴናም የለውም። ግን ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ሞላ ላለው በር ብቻ ነው።

የድሮውን የበሩን መቀርቀሪያ አውልቀኸዋል? ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንድ ቀን አንዱ ይቀረቅረውና ሞተሩ በሩን ሁለት ያጥፈዋል።

ከዚያ ቅንብሩን ከዜሮ ጀምር። መጀመሪያ መንገዱን፤ የት ይቁም፣ የት ይዘጋ። መሬት ነክቶ የሚመለስብህ የታች ወሰኑ ከወለሉ በታች ስለተቀመጠ ነው። ሞተሩ ወለሉን እንቅፋት አድርጎ ይቆጥረዋል። ጎማው ወለሉን ነክቶ ትንሽ ሲጨፈለቅ ይቁም። ጉልበቱን ከዚያ በኋላ ነው የምትነካው፤ ከትንሹ ጀምረህ፣ በሩ ያለ ችግር እስኪሄድ ብቻ። በመጨረሻም 4 ሳንቲም ውፍረት ያለው እንጨት በበሩ መሃል ወለሉ ላይ ጣልና ዝጋ። ነክቶ ወዲያው ካልተመለሰ ሥራው አላለቀም።


ሰቃዩ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡20

መቀርቀሪያው! አላወለቅኩትም ነበር። አሁን ወልቋል።

ማጠናከሪያው ታሰረ፣ መያዣው ወደ ላይ ወጣ፣ ሶኬቱ ገባ። ጉልበቱ አሁን ከግማሽ በታች ነው፤ ሞተሩም አያቃስትም። እንጨቱን ጣልኩለት። ነካ፣ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

አንድ ብቻ አልገባኝም። ግማሽ ወርዶ የሚመለሰው ነገር አሁንም አለ። ግን ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው። ጠዋት ሰላም ነው።


ሽቦ_ቆራጭ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡33

ፀሐይ። የማታ ፀሐይ በቀጥታ የምትመታው የትኛውን ዓይን ነው? አንዱ ላኪ ነው፣ አንዱ ተቀባይ። ላኪው መብራቱ ሁልጊዜ ይበራል። ተቀባዩ የሚያበራው ላኪውን ሲያይ ብቻ ነው። ፀሐይ ተቀባዩን ካጥበረበረችው ሞተሩ ሰው የቆመ ይመስለዋል። ሁለቱን ቦታ አቀያይራቸው፤ ተቀባዩ ጥላው በኩል ይሁን።


ሰቃዩ፣ ረቡዕ ማታ 12፡10

አቀያየርኳቸው። 11 ሰዓት ላይ ወንበር ይዤ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ተዘጋ።

ሪሞቱ ግን በሩ ሥር ካልሆንኩ አይሠራም። መንገድ ላይ ሆኜ ስጫን ዝም ነው።


ሌሊት_ፈረቃ፣ ረቡዕ ማታ 12፡25

ሞተሩ ላይ ያስገባኸው አምፖል ኤልኢዲ ነው? አውጥተህ ሞክር። አንዳንዶቹ ኤልኢዲዎች የሬዲዮ ሞገዱን ይረብሹታል። እኔም በዚህ ተቸግሬ ሁለት ሪሞት ቀይሬያለሁ።


ሰቃዩ፣ ረቡዕ ማታ 12፡41

አምፖሉ ነው! ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ከፈትኩት። እናንተ ሰዎች ይባርካችሁ።


ቸኳይ፣ ሐሙስ ማታ 3፡15

እንዳትስቁ። ዓይኖቹን ከኮርኒስ አወረድኳቸው። ፕላስተሩን ለመላጥ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ወደ ቦታቸው፣ 15 ሳንቲም ላይ አሰርኳቸው። አሁን በሩ ጭራሽ አይዘጋም። የአንደኛው መብራት ይበራል፣ የሌላኛው በፍጹም አይበራም። ባጠማዝዘውም ያው ነው።


ሽቦ_ቆራጭ፣ ሐሙስ ማታ 3፡22

የማይበራው ላኪው ነው ተቀባዩ?


ቸኳይ፣ ሐሙስ ማታ 3፡26

ላኪው።


ሽቦ_ቆራጭ፣ ሐሙስ ማታ 3፡30

እንግዲያው ማጠማዘዙ አይደለም። ላኪው ኃይል ካገኘ፣ ከተቀባዩ ጋር ባይገጥምም መብራቱ ይበራል። ሽቦው ነው። ግድግዳው ላይ በምን አሰርከው?


ቸኳይ፣ ሐሙስ ማታ 3፡33

በሽቦ መያዣ ምስማር። ቶሎ ቶሎ እየመታሁ።


ሽቦ_ቆራጭ፣ ሐሙስ ማታ 3፡35

ቶሎ ቶሎ እየመታህ። እያንዳንዱን ምስማር ላላ እያደረግክ ሂድ፣ የቀጠቀጠውን ታገኘዋለህ። ያንን ቦታ ቁረጠውና ቀጥለው።


ቸኳይ፣ ሐሙስ ማታ 4፡12

ሰባተኛው ምስማር። በራ። የሁለት ዓመት ልጄን ትልቁን አሻንጉሊት በሩ መሃል አስቀምጬ ዘጋሁት፤ ሳይደርስበት ተመለሰ።